መዝገቡ ያልተዘጋ ሰፈር

ሰው በስልሳና በሰባ ዓመቱ ከተማ ሲለውጥ፣ ወይም እዚያው ከተማ ውስጥ ሰፈር ሲቀይር፣ ዘመድ አዝማድ የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ የቆየ ሰፈር ፈልግ ይለዋል። የቆየ ሰፈር ሰው አለው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ቅርብ ነው፤ እድሩ ጠንካራ ነው፤ ጎረቤቱ ለቅሶና ደስታ ያውቃል። አዲሱ ሰፈር ግን የማይተዋወቅ ሕዝብ የተሰበሰበበት፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ የሚኖርበት ነው እየተባለ ይፈራል። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን የአዲስ አበባ ታሪክ፣ በተለይም በስተደቡብ ያለው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ታሪክ፣ ሌላ ነገር ያስተምራል ብዬ እከራከራለሁ። በዕድሜ ገፍቶ ለሚዛወር ሰው ከሰፈሩ ዕድሜ ይልቅ የሰፈሩ ክፍትነት ይበልጥበታል። ጎረቤትነት ገና በመሠራት ላይ ያለበት፣ የእድሩ መዝገብ አዲስ ስም ለመጻፍ ቦታ የቀረው ሰፈር ይሻለዋል። የነባር ሰፈር ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ግን በዋናነት አብረውት ላረጁት ነው።

ጥያቄው ከከተማ ጋር የመጣ አይደለም። በጥንቱ የክርስቲያን ደጋ አገር ልጆቹን ድሮ፣ ንብረቱን አከፋፍሎ ከቤቱ የሚወጣ ሽማግሌ፣ ወይም ባሏን ቀብራ ብቻዋን የቀረች እናት፣ ቆብ ደፍተው ወደ ገዳም ወይም ወደ ደብር አጠገብ መሄዳቸው የተለመደ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረተው ደብረ ሊባኖስ እንዲህ ያሉትን ሲቀበል ኖሯል። እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ ባሠሯት ቁስቋም ተቀምጠዋል። እቴጌ ጣይቱም በፖለቲካ ተገፍተው ቢሆንም፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ሞት በኋላ የቀረ ዕድሜያቸውን በእንጦጦ ማርያም አጠገብ አሳልፈው በ1910 ዓ.ም. እዚያው አርፈዋል። ከዚህ ልማድ ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። በገዳም ውስጥ ተወላጅ የሚባል የለም፤ መነኩሴው ሁሉ ከሌላ አገር የመጣ ነው። አዲስ ገቢን የሚቀበሉት ደንብ ስላላቸው እንጂ አባቱን ስለሚያውቁ አይደለም። አባቶቻችን ለእርጅና የሚሆን ቦታ ሲመርጡ ዘር ቆጥሮ የሚቀበለውን መንደር ትተው በሥርዓት የሚቀበለውን ማኅበር መፈለጋቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ከተማው ሲመጣ ይህንን ሥራ የተረከበው እድር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰፈሮቿ በመኳንንት ግቢ ዙሪያ የተተከሉ ነበሩ። ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች እስከ ቅርብ ጊዜ በአፋችን ላይ ነበሩ። የጌታው ሰው የሆነ በጌታው ጥላ ሥር ይጦራል፣ ሲሞትም በጌታው ወገን ይቀበራል። ጌታ የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ ሸማኔ፣ ቸርቻሪ ግን ከአገሩ ርቆ ቢሞት ቀባሪ ያጣል። ስለ እድር አነሳስ የጻፉት አጥኚዎች፣ ከእነርሱም አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለ ማርያም፣ ሁለት መነሻዎችን ያነሳሉ። አንዱ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ የመጡት የጉራጌ ተወላጆች ናቸው። ሌላው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ያስከተለው መፈናቀልና ችግር ነው። የትኛውም ቢመዝን ድምዳሜው አንድ ነው፤ እድር ከመንደሩ የወጣ ሰው ፈጠራ ነው። ዛሬ የነባር ሰፈር ምልክት አድርገን የምናየው ማኅበር የተወለደው መጤ ለመጤ ቀባሪ ይሁን ተብሎ ነው።

ታዲያ እድር እንዴት ሆኖ ለአዲስ ገቢ ከባድ ይሆናል? መልሱ በሂሳቡ ውስጥ ነው። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የጽሑፍ ደንብ አለው፤ የአባላት ስም በመዝገብ ሰፍሮ መዋጮው በየወሩ ይመዘገባል፤ ያልከፈለና ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ዓመታት ሲያልፉ ገንዘብ ይጠራቀማል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን ይገዛል፤ አንዳንዱም ቤት ሠርቶ ያከራያል። ይህ ሁሉ ተገምቶ ለአባላቱ ቁጥር ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ይታወቃል፤ አዲስ ገቢ ከነባሩ እኩል ለመሆን ይህንኑ የሚመጥን የመግቢያ ገንዘብ ይጠየቃል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያዋጣና ትናንት የመጣ እኩል ይሁኑ ማለት አይቻልም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። እድሩ ባረጀና በበለጸገ ቁጥር በሩ ይጠብባል፤ በጡረታ ለሚኖርና ዕድሜው ለገፋ ሰው ደግሞ ይበልጡን ይጠብባል። ከገንዘቡ በላይ የሚከብድ ነገርም አለ። በነባር ሰፈር የዳኛው ወንበር፣ የሽምግልናው ቦታ፣ ጋብቻ ሲጠየቅ ፊት የሚሄደው፣ የተጣላ ሲያስታርቅ የሚሰማው ሁሉ ከታወቀ ቆይቷል። ዘግይቶ የመጣው ሽማግሌ በሌላ ቦታ ያፈራው ክብር እዚያ አይታወቅለትም። ማኅበሩ ገና ሲቋቋም ግን ደንብ የሚያረቅቅ፣ ሂሳብ የሚይዝ፣ ነገር የሚያበርድ ትልቅ ሰው ይፈለጋል።

ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ስንመጣ ይህ ሂደት በተከታታይ ሲደገም እናያለን። አካባቢው ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻና ግጦሽ ነበር፤ ላፍቶ፣ ጀሞ፣ ለቡ፣ መካኒሳ የሚሉት ስሞች የእነርሱ ናቸው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከተማው ወደ ደቡብ ይሳብ ጀመር፤ ቆይቶም በሐዲዱና በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካና መጋዘን ተተከለ። ሳሪስና ንፋስ ስልክ የሠራተኛ ሰፈር ሆኑ። ሠራተኛው ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ስለነበረ እንደ ጥንቶቹ መኳንንት ሰፈሮች በአንድ ጌታ ስም የሚሰባሰብ አልነበረም። የሚያገናኘው የሥራ ቦታው፣ አጥቢያው፣ የአገሩ ልጅነትና የጎረቤቱ በር ነበር። ስለዚህም የሰፈር እድር፣ የመሥሪያ ቤት እድር፣ የአገር ልጆች እድር፣ የሴቶች እድር ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንድ ሰው የሁለትና የሦስቱ አባል መሆኑም የተለመደ ነው። ዛሬ ሳሪስ አቦ ወይም ጎፋ ገብርኤል አካባቢ ጥንታዊ መስሎ የሚታየን ጉርብትና በሥራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች በአንድ ሁለት ትውልድ የሠሩት ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ሰፈር የመምረጥ ነገር መልኩ ተለወጠ። የቀበሌ ቤት ኪራይ በጣም ዝቅተኛ ስለነበር ያገኘው አይለቀውም፤ ልጅ ከአባት እየተረከበ ይኖርበታል። በመሐል ከተማ ያሉት ጠባብ መንደሮች በዚህ ምክንያት ለአሥርተ ዓመታት ነዋሪያቸው ሳይለወጥ ቆየ። የምናደንቀው የመሐል ከተማ ቅርበት ከፊሉ የዚህ ውጤት ነው፤ ሰው ባለመንቀሳቀሱ የመጣ ቅርበት ነው። ከውጭ ለሚመጣ አዛውንት ግን የሚከራይ ቤት የለም፣ የሚለቀቅ ቦታም የለም። በአንጻሩ በከተማው ጠርዝ፣ በጎፋ፣ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል፣ የቤት ሥራ ማኅበራት መሬት ያለ ሊዝ እያገኙ፣ ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ እየተበደሩ ቤት ሠሩ። እነዚህ የማኅበር ቤቶች የመንግሥት ሠራተኛውና መምህሩ ተደራጅተው የገቡባቸው ናቸው። አብረው ጭቃ ረግጠው፣ መብራትና ውሃ አብረው ለምነው አስገብተዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ጉርብትናቸው ጠንካራ የሆነው ቤቱን ሲይዙ ሁሉም እኩል አዲስ ስለነበሩ ነው።

ሦስተኛው ማዕበል ኮንዶሚኒየም ነው። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ በቀጣዮቹ ዓመታት የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ፣ ጀሞን ከእርሻ መሬት ወደ ትልቅ የመኖሪያ መንደር ለወጠው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክፍለ ከተማው ሕዝብ ከ316 ሺህ በላይ ነበር፤ የጀሞ ብሎኮች ሰው መያዝ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ በመሆኑ ጎረቤት መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የፒያሳውና የኮልፌው፣ መበለቷና አዲስ ተጋቢው በአንድ ደረጃ ተገናኙ። በሕግ በኩል አዋጅ ቁጥር 370/1995 የባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ይጠይቃል፤ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለጋራ ንብረት የሚያስፈልግ ማኅበር ነው። ሕጉ ያላዘዘውን ግን ነዋሪው ራሱ አቋቋመ፤ በየብሎኩና በየግቢው እድር ተመሠረተ። ለቅሶ ሲደርስ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። ድንኳኑ በሁለት ብሎኮች መካከል፣ መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ ይተከላል። ለእርድ፣ ለእንጀራ ጋገራና ለልብስ አጠባ ታስቦ የተሠራው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ወጥ ቤት ይሆናል። አስከሬን ከአራተኛ ፎቅ በጠባቡ ደረጃ ሲወርድ በየመታጠፊያው የሚቀባበሉት ጎረቤቶች ናቸው፤ ሐዘንተኛ ቤት የማይበቃው እንግዳ በታችኛው ቤት ይስተናገዳል። ይህንን የሚያደርጉት ከጥቂት ዓመታት በፊት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚሁ ደረጃ ይነሳል። አረጋዊ አራት ፎቅ ይወጣ ዘንድ፣ ውሃ በተቋረጠ ቁጥር ጀሪካን ይሸከም ዘንድ መምከር ጭካኔ ነው ይባላል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በቂ መልስም ያስፈልገዋል። እነዚያ ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም፤ ጉልበቱ የደከመ ሰው ከላይ ከተቀመጠ ከእድሩም ከቤተ ክርስቲያኑም ይቀራል፤ የተከፈተው መዝገብ ሊጠቅመው አይችልም። ስለዚህ እኔ የምለው ለምድር ቤትና ለአንደኛ ፎቅ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለወጣት መተው ይገባል። ከዚህ ውጭ ግን ደቡቡ ለአካልም የሚመች ነገር አለው። ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ ሲወረድ ከፍታው ስለሚቀንስ አየሩ ሞቅ ይላል፤ ዳገቱም ከሰሜኑ ይቀላል። በሕክምና በኩል በአቅራቢያው በዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል አለ፤ በሳሪስ መስመርም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡር ወደ መሐል ከተማ ይሄዳል። ደግሞም መንገድና ውሃ ጊዜ ሲያልፍ ይሻሻላሉ፤ ለዘግይቶ መጪ የተዘጋ ማኅበር ግን ከዓመት ዓመት እየተዘጋ ይሄዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል። አዲስ ሰፈር ክፍት የሚሆነው ሰው ስለማይረጋበት ነው፤ ዕጣ የወጣለት አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል፣ ተከራዩም ኪራይ ሲጨመርበት ይለቃል፤ ዛሬ የቀበረህ ነገ የለም የሚል ነው። እውነት ነው። ሕጉ የዕጣ ቤት በአምስት ዓመት ውስጥ እንዳይሸጥ ቢከለክልም ማከራየትን አላስቀረም። በመሆኑም ክርክሬን ማጥበቅ አለብኝ። ክፍት ሰፈር ማለት ባዶ ሰፈር ማለት አይደለም። የማኅበር ቤቶቹ ታሪክ የሚያሳየው ጉርብትና ሁለት ነገር እንደሚፈልግ ነው፤ ሁሉም በተቀራራቢ ጊዜ መግባቱንና ከገቡ በኋላ መቆየታቸውን። ስለዚህ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው የሚበጀው አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሆነው፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚኖሩበት ብሎክ ወይም ግቢ ነው። እድሩ ድንኳን ገዝቷል፣ ደንቡም በለቅሶ ተፈትኗል፤ ሀብቱ ግን ገና በሩን የሚያጠብ አልሆነም። በጀሞም በለቡም ይህ ከብሎክ ብሎክ ይለያያል፤ አንዱ ግቢ በተከራይ የተሞላ ሲሆን ቀጣዩ በነዋሪ ባለቤቶች የተያዘ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ እድር ራሱ ጊዜው አልፎበታል የሚለው ነው። ልጅ በስልክ ይጠይቃል፣ ገንዘብ ከውጭ ይላካል፣ ጡረታም ከመንግሥት ሠራተኛ አልፎ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ለግል ድርጅት ሠራተኛ ደርሷል፤ ታዲያ ጎረቤት ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? ከውጭ አገር ተመልሰው በመካኒሳ፣ በላፍቶና በለቡ ቪላ ለሚሠሩ ወገኖች ይህ ጥያቄ በተለይ ይቀርባቸዋል። ቤታቸው ሰፊ ነው፣ አጥራቸው ረጅም ነው። እኔ ግን ማስረጃው ወደ ሌላ ያመለክታል ባይ ነኝ። እነዚሁ ወገኖች በዋሽንግተንና በሌሎች የባሕር ማዶ ከተሞች ሳሉ፣ ባንክም ኢንሹራንስም በሞላበት አገር፣ እድር አቋቁመው ኖረዋል። ገንዘብ የማይገዛው ነገር ስላለ ነው ያቋቋሙት። ልጅ በስልክ ከሩቅ ይጠይቃል፤ ሌሊት የታመመን አንስቶ መኪና የሚፈልግ ግን ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ብሂል በባዶ ሜዳ አልቆየም። ስለዚህ ተመላሹ አጥር ከመትከሉ በፊት ለእድሩ ዳኛ ስሙን ማስመዝገብ ቢቀድም መልካም ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚያመው ነው። ምርጫ የሚባለው ላለው ሰው ነው፤ ብዙ አረጋዊ ሰፈር የሚለውጠው መልሶ ማልማት መጥቶበት ነው። የመሐል ከተማው ነባር መንደር ሲፈርስ የቀበሌ ቤት ነዋሪው በከተማው ጠርዝ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ይዛወራል። አንዳንዱ ከፈረሰው ሰፈሩ እድር አይወጣም፤ ሁለት ታክሲ ቀይሮ እየሄደ መዋጮውን ይከፍላል፣ ለቅሶም ይደርሳል። ይህን ታማኝነት አከብረዋለሁ፤ ግን ጉልበት ሲደክም የማይዘልቅ መሆኑን መደበቅ አይገባም። የከተማው መስፋፋት በጀሞና በለቡ ገበሬዎች ላይ ያደረሰውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ለእኛ አዲስ የሆነው ሰፈር ለእነርሱ የፈረሰ ነባር ሰፈር ነው። ይህ ሁሉ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ኃላፊነቱን ግን ከግለሰቡ ወደ ከተማው አስተዳደር ያሻግረዋል። አንድ እድር አባላቱ በአንድ ግቢ ከተመደቡ መዝገቡን፣ ገንዘቡንና ድንኳኑን ይዞ ይተከላል። አባላቱ በዕጣ በየአቅጣጫው ከተበተኑ ግን የብዙ ዓመት መዋጮና የብዙ ዓመት መተማመን በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ይህን ኪሳራ በካሳ ስሌት ውስጥ የሚያገባው የለም።

እንግዲህ በዕድሜው ማምሻ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ወይም ወደ ሌላ የከተማ ክፍል የሚመጣ ሰው፣ የቤቱን ክፍሎች ከመቁጠሩ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። እድሩ መቼ ተመሠረተ? የመግቢያው ስንት ነው፣ በየወሩ ተከፋፍሎስ ይከፈላል? አዲስ ገቢ ሙሉ መብት የሚያገኘው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? ባለፈው ዓመት ስንት አዲስ ስም ተጻፈ፣ ስንቱስ ለቀቀ? ከባለቤቶቹ ስንቶቹ እዚያው ይኖራሉ? እነዚህን ለጸሐፊው ማቅረብ ነውር የለውም፤ በደንብ የሚሠራ እድር መልሱ በመዝገቡ አለ። ከተማውም በበኩሉ አረጋውያንን ሲያዛውር እድርን እንደ አንድ አካል ቆጥሮ አንድ ላይ ይመድብ፤ ምድር ቤቱንም ለእነርሱ ያስቀድም። የዚህ ክፍለ ከተማ ታሪክ ከፋብሪካ ሠራተኛው ጀምሮ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ የሚመሰክረው ጉርብትና ከዜሮ ተነስቶ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊሠራ መቻሉን ነው። ሲሠራ የደረሰበት ሰው፣ ጠጉሩ የሸበተ ቢሆንም፣ ከመሥራቾቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል።